ጋዝ አያልቅም፦ የኤሲ ቱቦን መጠን መምረጥና መዘርጋት

ኤሲ ገጣሚ ስልኩ ሲጮህ ከሚሰማቸው አቤቱታዎች ግማሹ አንድ ዓይነት ነው፤ "ጋዝ ጨርሷል፣ መጥተህ ሙላልን።" ደንበኛው አይፈረድበትም፤ እንደ ሲሊንደር ጋዝ የሚያልቅ ይመስለዋል። ሙያተኛው ግን ይህን ቃል ሲደግም ያስተዛዝባል። የኤሲ ጋዝ አይቃጠልም፣ አይበላም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ሙቀት ከውስጥ ወደ ውጭ ያመላልሳል እንጂ። ጎደለ ማለት በአንድ በኩል ወጣ ማለት ነው። የሚወጣበት ቀዳዳ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ በተገጠመበት ዕለት በገጣሚው እጅ የተሠራ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ስለ ማሽኑ አያወራም። በውስጡና በውጪው ማሽን መካከል ስላለችው የመዳብ ቱቦ ነው።

እኛ የምንሠራባት የወላይታዋ ጉኑኖ ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ላይ ያለች፣ ሌሊቷ ጋቢ የሚያስደርብ ከተማ ናት። ለመኝታ ቤት ኤሲ የሚያስገጥም ሰው ብዙም የለም። ሥራው ያለው በባንክ ቅርንጫፍ ሰርቨር ክፍል፣ በላቦራቶሪና በመድኃኒት መጋዘን ነው። ያው ገጣሚ ግን ዕቃውን ጭኖ ወደ ሁምቦ ቆላ፣ ወደ አባያ ሐይቅ ዳር ወይም 1,285 ሜትር ላይ ወዳለችው አርባ ምንጭ ይወርዳል። ከፍታው ሲለዋወጥ በጌጅ ላይ የምታነቡትም ይለዋወጣል፤ ይህን ቫኪዩም ላይ ስንደርስ እናየዋለን።

1. ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ

የውስጡ ማሽን የሚሰቀልበትንና የውጪው የሚቀመጥበትን ቦታ አስቀድማችሁ ወስኑ። ከዚያ ቱቦው የሚሄድበትን መንገድ እየተከተላችሁ በሜትር ለኩ። በዓይን ግምት "አሥር ሜትር ይሆናል" ብሎ ሶዶ ከተማ ሄዶ መግዛት፣ ሁለት ሜትር ጎድሎ መሐል ግድግዳ ላይ ቅጥያ ለመበየድ ይዳርጋል። እያንዳንዱ ቅጥያ ደግሞ አንድ ተጨማሪ የማፍሰሻ ዕድል ነው።

ሦስት ነገር መዝግቡ፦ ጠቅላላ ርዝመት፣ በሁለቱ ማሽኖች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት፣ የመታጠፊያዎች ብዛት። መታጠፊያ ጋዙን ያጉላላል። በዚህ መጠን ቱቦ አንዱን መታጠፊያ እንደ 30 ሳንቲሜትር ቀጥ ያለ ቱቦ ብትቆጥሩት አትሳሳቱም። 9 ሜትር ለክታችሁ አምስት መታጠፊያ ካለው፣ የምታሰሉት በ10.5 ሜትር ነው። በጣም ማሳጠርም ችግር አለው። ብዙ አምራቾች ከ3 ሜትር በታች አይፈቅዱም፤ የኮምፕሬሰሩ ንዝረትና ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል።

2. የቱቦውን መጠን ምረጡ

ሁለት ቱቦ አለ። ቀጭኑ ጋዙን ወደ ውስጥ ይወስዳል። ወፍራሙ ሙቀት የጠጣውን ጋዝ ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመልሳል። ከጋዙ ጋር ጥቂት የኮምፕሬሰር ዘይትም አብሮ ይዞራል። ወፍራሙ ቱቦ ሲመረጥ ሁለት ተቃራኒ ጥያቄ የሚነሣው በዚህ ዘይት የተነሣ ነው።

ለመነሻ ያህል፣ በአር-410ኤ ወይም በአር-32 የሚሠሩ የተለመዱ ማሽኖች የሚጠይቁት እንዲህ ነው። 9,000 ቢቲዩ፦ ቀጭኑ 1/4 ኢንች፣ ወፍራሙ 3/8። 12,000 ቢቲዩ፦ 1/4 ከ3/8 ወይም ከ1/2 ጋር። 18,000 ቢቲዩ፦ 1/4 እና 1/2። 24,000 ቢቲዩ፦ 1/4 ወይም 3/8 ከ5/8 ጋር። ከማሽኑ ጋር የመጣው ማኑዋል ሌላ ካለ ግን እሱን ስሙ፤ ከእኔም ከጎረቤት ገጣሚም ይበልጣል።

"ወፍራሙን ቀጠን ባደርገውስ? ይረክሳል" የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ባለ 24,000 ቢቲዩ ማሽን በአር-410ኤ ሲሠራ ጋዙ በ5/8 ቱቦ ውስጥ በሰከንድ 8 ሜትር ገደማ ይሮጣል። 1/2 ብታደርጉት ፍጥነቱ ከ12 ሜትር ያልፋል፤ በመንገድ ላይ የሚባክነው ግፊትም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ቅድም ባሰላነው 10.5 ሜትር ላይ 5/8ቱ የሚያስከፍላችሁ በጋዙ የትነት ሙቀት ላይ ግማሽ ዲግሪ ያህል ነው፣ 1/2ቱ አንድ ዲግሪ ተኩል ገደማ። ኮምፕሬሰሩ ያንን ጉድለት ለመሙላት ቀን ከሌት ይለፋል፤ የሰርቨር ክፍል ኤሲ ደግሞ እረፍት የለውም።

"እንግዲያውስ ወፈር ይበል" ማለትም መፍትሔ አይደለም። በዚያው ማሽን ላይ 7/8 ብትዘረጉ ፍጥነቱ ወደ 4 ሜትር ይወርዳል። ጋዙ ሽቅብ በሚወጣበት ቱቦ ውስጥ ዘይቱን ገፍቶ ለማውጣት በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ከዚያ በታች ሲሆን ዘይቱ የቱቦውን ግድግዳ ይዞ ቁልቁል ይንሸራተታል፣ ታች ይጠራቀማል፣ ኮምፕሬሰሩ ያለ ዘይት ይደርቃል። ከስድስት ወር በኋላ "ማሽኑ ኦሪጅናል አይደለም" ተብሎ ሻጩ ይሰደባል። ከሁለቱ ስህተት የትኛው ይብሳል ብትሉኝ፣ ያለ ልክ መወፈሩ ይብሳል። ቀጭን ቱቦ መብራት ያባክናል፤ ወፍራም ቱቦ ኮምፕሬሰር ይገድላል።

3. ቱቦውን በሚዛን ግዙ

ከስፋቱ ሌላ የግድግዳው ውፍረት አለ። እስከ 1/2 ኢንች 0.8 ሚሊ ሜትር፣ ለ5/8 ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ጠይቁ። አር-410ኤ በአርባ ምንጭ ከሰዓት ሙቀት ከ26 ባር በላይ ሊገፋ ይችላል። በዚያው ሁኔታ የድሮው አር-22 16 ባር አካባቢ ነበር። ለድሮው ጋዝ የበቃ ስስ ቱቦ ለአሁኑ አይበቃም።

ገበያ ላይ ያለው ችግር፣ ስሱም ወፍራሙም በውጭ ሲታይ አንድ መምሰሉ ነው። ካሊፐር ከሌላችሁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። 15 ሜትር የሆነ የ1/2 ኢንች ጥቅል ግድግዳው 0.8 ከሆነ 4 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሚዛኑ 3 ኪሎ ካለ የያዛችሁት 0.6 ነው፤ መልሱት። ሻጩ ቢያኮርፍም ያኩርፍ።

የሁለቱም ጫፍ በክዳን የታሸገ መሆኑን አይታችሁ ተቀበሉ። በባጃጅ ወይም በሞተር ስትጭኑት ጥቅሉን በገመድ አጥብቃችሁ አትሰሩ፤ አንዴ የተጨማደደ መዳብ ተመልሶ ክብ አይሆንም። ክዳኑ ከወደቀ ጫፉን በፕላስተር አሽጉ። ፌስታል ማጥለቅ ማሸግ አይደለም፤ የጉኑኖ የክረምት አየር ውሃ ነው።

4. መንገዱን አዘጋጁና ዘርጉ

ግድግዳው ከ65 እስከ 70 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ወደ ውጭ ትንሽ ያዘቀዝቅ። ዝናብ ወደ ውስጥ እንዳይገባና የፍሳሹ ቱቦ ራሱ እንዲወርድ ነው። ብሎኬት ከሆነ ከሁለቱም በኩል ብሱ፤ ከአንድ ወገን ብቻ ስትበሱ የወዲያኛው ልስን ተገንጥሎ ይወድቃል። የጭቃ ቤት ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ አስገቡ፤ አለዚያ ጭቃው እየተፈረፈረ ኢንሱሌሽኑን ይበላዋል፣ አይጥም መንገድ ያገኛል።

ጥቅሉን መሬት ላይ አንከባላችሁ ፍቱት፤ እንደ ገመድ ጫፉን ይዛችሁ አትሳቡት። ስታጥፉ በማጠፊያ ወይም በስፕሪንግ እጠፉ። ጉልበት ላይ አስደግፎ ማጠፍ ለቀጭኑ ይሠራል፤ ግማሽ ኢንቹን ግን ይጨፈልቀዋል። ያው ቦታ ላይ ደጋግሞ ማጠፍና ማቅናትም መዳቡን ያደርቀዋል፣ በኋላ ይሰነጠቃል።

የውጪው ማሽን ከውስጡ በላይ፣ ለምሳሌ ፎቅ ጣሪያ ላይ ከሆነ፣ ወፍራሙ ቱቦ ሽቅብ መውጣት በሚጀምርበት ቦታ ላይ ወጥመድ ሥሩለት፤ ማለትም ቱቦውን እንደ እቃ ማጠቢያ ገንዳ ፍሳሽ በትንሹ ወደ ታች አጥፋችሁ መልሳችሁ አውጡት። ዘይቱ እዚያ ይጠራቀምና ጋዙ እየቆራረጠ ይገፋዋል። ከፍታው ከ5 ወይም 6 ሜትር ሲበልጥ ማኑዋሉ ሌላ ወጥመድ ይጠይቅ እንደሆነ እዩ። የውጪው ማሽን ከታች ከሆነ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። በትኩሱ የተማርነውን ወጥመድ ባገኘነው ቤት ሁሉ የምንሠራ አለን፤ አስፈላጊ ባልሆነበት ቦታ ዘይት አስሮ ከማስቀረት በቀር ጥቅም የለውም።

5. ፍሌር፦ እዚህ ላይ ቀስ በሉ

ጋዝ "ያለቀበት" ማሽን ተጠርታችሁ ስትሄዱ መጀመሪያ የምታዩት ፍሌሩን፣ ማለትም በናት የሚታሰረውን የተከፈተ የቱቦ አፍ ነው። ዙሪያው ዘይት ካለው ሌላ ቦታ አትፈልጉ። ስለዚህ ከሌላው ሥራ ሁሉ ይልቅ ለዚህ ጊዜ ስጡ።

በቱቦ መቁረጫ ቁረጡ። የብረት መጋዝ ብናኝ ይተዋል፤ ብናኙም ሄዶ ካፒላሪው ውስጥ ይሰካል። መቁረጫውን በየዙሩ በትንሽ በትንሹ አጥብቁት፤ ቸኩላችሁ ካጠበቃችሁት አፉ ወደ ውስጥ ይጠባል። ከዚያ የውስጡን ሹል ጠርዝ በሪመር አንሡ። ይህን ስታደርጉ የቱቦውን አፍ ወደ መሬት ድፉት፤ ፍቅፋቂው ወደ ውጭ እንዲወድቅ።

አሁን ናቱን አስገቡ። አዎ፣ አሁን። የሚያምር ፍሌር ሠርቶ ናቱ ወለል ላይ ተቀምጦ ያላየ ገጣሚ የለም፤ እኔ በአንድ ቀን ሁለቴ አይቻለሁ። ኢንሱሌሽኑም ከዚህ በፊት መግባት አለበት።

ቱቦውን በመያዣው ውስጥ ስታስሩ ከመያዣው በላይ የሚወጣው ልክ ወሳኝ ነው። ለአር-410ኤ በተሠራው ዕቃ እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ፣ በድሮው ዕቃ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር። የተጠናቀቀው አፍ ስፋት ለ1/4 ኢንች 9.1 ሚሊ ሜትር፣ ለ3/8 13.2፣ ለ1/2 16.6፣ ለ5/8 19.7 ነው። ካነሰ ናቱ ይጨብጠዋል ግን አጥብቆ አይይዘውም፤ ከበለጠ ናቱ አያልፍበትም። ፊቱን በብርሃን እያዞራችሁ ተመልከቱ፤ እንደ መስታወት ማብረቅ አለበት። ጭረት፣ ስንጥቅ ወይም በአንድ ጎኑ ስፋት ካለው ቁረጡትና እንደገና ጀምሩ። ሦስት ሳንቲሜትር መዳብ ከአንድ ጠርሙስ ጋዝ ይረክሳል።

የፍሌሩን ጀርባ አንድ ጠብታ የኮምፕሬሰር ዘይት ቀቡ፤ የሞተር ዘይት አይሆንም። ናቱን በእጃችሁ እስከቻላችሁ አዙሩ። በእጅ ካልዞረ ቱቦው አልተስተካከለም ማለት ነው፤ በመፍቻ አታስገድዱት። ከዚያ በሁለት መፍቻ፣ አንዱ እየያዘ ሌላው እያጠበቀ። ልኩ ለ1/4 ከ14 እስከ 18 ኒውተን ሜትር፣ ለ3/8 ከ34 እስከ 42፣ ለ1/2 ከ49 እስከ 61፣ ለ5/8 ከ68 እስከ 82 ነው። የቶርክ መፍቻ ውድ ነው ትሉ ይሆናል፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ግዙት። በክንዳችን የምንተማመን ሁላችን ቀጭኑን ከልክ በላይ፣ ወፍራሙን ከልክ በታች ነው የምናጠብቀው።

6. ብየዳ ካስፈለገ

ቅጥያ የማይቀር ከሆነ፣ በምትበይዱበት ጊዜ ሁሉ ቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን ቀስ ብሎ ይፍሰስ፤ በምላስ ያራሳችሁትን ጣት ስትደቅኑበት በረድ የሚል ያህል ይበቃል። ናይትሮጅን ከሌለ መዳቡ ከውስጥ ይቃጠላል፤ ጥቁር ቅርፊቱ ተላቆ ይዞርና ቫልቭ ይዘጋል። በውጭ በኩል ያማረ ብየዳ ስለ ውስጡ ምንም አይነግራችሁም።

7. በናይትሮጅን ፈትሹ

ብየዳ ቤት ኦክስጅን ሲሊንደር በቀላሉ ይገኛል፤ ናይትሮጅን ግን መፈለግ አለበት። ፈተናው እዚህ ነው። ኦክስጅን በፍጹም አትጠቀሙ። ግፊት ያለው ኦክስጅን ዘይት ሲያገኝ ይፈነዳል፤ ሰው ይገድላል። የጎማ ቤት ኮምፕሬሰር አየርም አይሆንም፤ እርጥበት ይዞ ይገባል።

የውጪው ማሽን ቫልቮች እንደተዘጉ፣ ናይትሮጅኑን በሬጉሌተር በኩል ደረጃ በደረጃ ስጡ። መጀመሪያ 5 ባር፣ ቆይታችሁ 15 ባር፣ በመጨረሻ ማሽኑ ላይ እስከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት፤ ለአር-410ኤ አብዛኛውን ጊዜ 41.5 ባር ነው። መገጣጠሚያውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ቀቡ። የሚቻል ከሆነ ይደር።

ጠዋት መርፌው ዝቅ ብሎ ብታገኙት ወዲያው አትደንግጡ። በዚህ ግፊት ላይ ሙቀት በአንድ ዲግሪ ሲቀንስ ግፊቱ በ0.14 ባር ገደማ ይወርዳል። ከሰዓት በ26 ዲግሪ ሞልታችሁ ጠዋት በ14 ዲግሪ ብታነቡ፣ ምንም ቀዳዳ ሳይኖር 1.7 ባር ያህል ይጎድላል። እንደ ጉኑኖ ቀኑ ሞቅ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ በሚልበት አገር የሞላችሁበትን ሰዓትና ሙቀት ካልጻፋችሁ ጤነኛ ፍሌር ፈትታችሁ ታበላሻላችሁ።

8. ቫኪዩም፦ ጌጁ ስለ ከፍታ አያውቅም

ናይትሮጅኑን ከለቀቃችሁ በኋላ ቱቦ ውስጥ የቀረውን አየርና እርጥበት በቫኪዩም ፓምፕ ማውጣት አለባችሁ። የዛሬው ማሽን ዘይት ውሃ ይወድዳል፤ ከጠጣም አሲድ ይሆናል፣ የኮምፕሬሰሩን ሽቦ ይልጣል። "ጋዙን ትንሽ ለቀቅ አድርጌ አየሩን ገፋሁት" የሚለው ዘዴ አየሩን እንኳ በደንብ አያወጣም፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን እርጥበት ጭራሽ አይነካውም። ጋዙ አር-32 ከሆነ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ ደጋ ላይ ስሠራ የማኒፎልድ ጌጄ መርፌ ከዜሮ በታች 0.8 ባር ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። በትምህርት ቤት የተነገረን እስከ 1 ባር እንደሚወርድ ነው። ፓምፑ ደክሟል ብዬ ዘይቱን ሁለቴ ቀየርኩ፣ ሆሱን ለወጥኩ፣ የጠበቀውን ናት እንደገና አጠበቅኩ። ከሰዓት በኋላው በዚሁ አለቀ። ፓምፑ ግን ጤነኛ ነበር። 2,000 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ራሱ ከባሕር ጠረፉ 80 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 0.8 ባር ነው። ጌጁ የሚለካው ከውጪው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ፣ ፍጹም ባዶ ብታደርጉት እንኳ ከ0.8 አያልፍም። በኢንች ለሚያነብ ጌጅ ደግሞ 30 ሳይሆን 23 ተኩል ላይ ይቆማል።

የተገላቢጦሹ ስህተት ይበልጥ ይጎዳል። መርፌው 0.8 ስለደረሰ "ጨርሷል" ብሎ መዝጋት። የምንፈልገው 500 ማይክሮን ነው፤ ይህም ከአንድ ባር አንድ ሺህኛ እንኳ አይሞላም። የመርፌዋ ውፍረት ከዚያ ይበልጣል። በ20 ዲግሪ ውሃ መፍላት የሚጀምረው 17,500 ማይክሮን አካባቢ ሲደርስ ነው፤ በመርፌ ጌጅ ላይ ይህና ፍጹሙ ባዶ አንድ መስመር ናቸው። ስለዚህ ዲጂታል ማይክሮን ጌጅ የግድ ነው። እሱ ከፍታ አያሳስተውም፤ ጉኑኖም አርባ ምንጭም ያው 500 ነው።

500 ሲደርስ ፓምፑን በቫልቭ ነጥሉና አሥራ አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ቁጥሩ ከ1,000 በታች ከረጋ ደርቋል። ወደ 2,000 ወጥቶ እዚያው ከቆመ እርጥበት አለ፤ ጥቂት ናይትሮጅን አስገብታችሁ ለቀቅ አድርጉና ደግማችሁ ሳቡ። ሳያቋርጥ ሽቅብ ከሄደ ቀዳዳ አለ፤ ወደ ቁጥር 7 ተመለሱ። በክረምት ቱቦው ሲቀዘቅዝ ውሃው ቀስ ብሎ ስለሚተን፣ በበጋ የምትስቡበትን ሠላሳ ደቂቃ አትመኑት።

9. ጋዙን ልቀቁ፣ የጎደለውን በሚዛን ጨምሩ

ቫኪዩሙ ሳይሰበር የውጪውን ማሽን ቫልቮች በአለን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ከፋብሪካ የተሞላው ጋዝ የሚበቃው ለተወሰነ ርዝመት ነው፤ ማኑዋሉ ላይ 5 ወይም 7.5 ሜትር የሚል ታገኛላችሁ። ከዚያ በላይ ላለው በየሜትሩ ይጨመራል። 12 ሜትር ዘርግታችሁ፣ የተሞላው ለ7.5 ሜትር ቢሆንና በሜትር 20 ግራም ቢጠይቅ፣ 4.5 ሲባዛ በ20፣ 90 ግራም። ይህ የሚገባው በዲጂታል ሚዛን ነው። በጌጅ ግምት የሚሞላ ሰው እዚህ ከፍታ ላይ በሌላ ምክንያትም ይሳሳታል፤ ለአንድ ዓይነት ሙቀት የእኛ ጌጅ ከሠንጠረዡ 0.2 ባር ያህል አብልጦ ያነባል። አር-410ኤ ቅልቅል ስለሆነ ከጠርሙሱ በፈሳሽነቱ ይውጣ።

10. ሁለቱንም ቱቦ ለየብቻ አልብሱ

"ቀጭኑ ትኩስ ነው፣ ኢንሱሌሽን አይፈልግም" የሚለው ለትልልቅ ማሽኖች እውነት ሊሆን ይችላል። በተለመደው የግድግዳ ኤሲ ግን ግፊት የሚቀንሰው ክፍል በውጪው ማሽን ውስጥ ስለሆነ፣ ቀጭኑም ቀዝቅዞ ነው የሚመጣው። ራቁቱን ከተዋችሁት ያልበዋል፤ ጠብታው ኮርኒሱን ያበላሻል። ሁለቱን በአንድ ላይ ከጠቀለላችሁ ደግሞ እርስ በርስ ሙቀት ይለዋወጣሉ። ለእያንዳንዱ ከ9 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥቁር የጎማ ስፖንጅ አልብሱ። የፍሌሩን አካባቢ መጨረሻ ላይ፣ ፍተሻው ሁሉ ካለፈ በኋላ ሸፍኑ። ከቤት ውጪ ያለውን ከታች ወደ ላይ በቴፕ ጠቅልሉ፤ ዝናቡ በመደራረቢያው እንዳይገባ፣ ቆርቆሮ እንደሚደራረበው። ፀሐይ የሚመታውን በፕላስቲክ መተላለፊያ ውስጥ ብታስገቡት ስፖንጁ አይፈረፈርም።

ከመሄዳችሁ በፊት በማይጠፋ ቀለም የውጪው ማሽን ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ጻፉ፦ የቱቦው ርዝመት፣ የቱቦው መጠን፣ የጨመራችሁት ግራም፣ ቀኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያንን ሽፋን የሚከፍተው ሌላ ገጣሚ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም እናንተው ራሳችሁ፣ ሁሉንም ረስታችሁ።